የዓይን ግፊት በቆብ ላይ ሲለካ፤ ከሐኪም ጣት እስከ እጅ መሣሪያ ያለው ታሪክና ለአፍደም የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

የሰው ዓይን ቅርጹን ጠብቆ የሚኖረው በውስጡ ባለው ፈሳሽ ግፊት ነው። ይህ ፈሳሽ ሳያቋርጥ ይመነጫል፤ ሳያቋርጥም ይወጣል። መውጫው ሲጠብ ግን ግፊቱ ይጨምርና ከዓይን በስተ ኋላ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄደውን የማየት ነርቭ ቀስ በቀስ ይጐዳዋል። በዚህ ዓይነት የሚመጣው በሽታ ግላውኮማ ይባላል። በብዙዎቹ በሽተኞች ላይ ሕመም የለውም፤ ዓይንንም አያቀላም። ሰውየው በስተ ዳር ያለውን ነገር ማየት እያጣ ሲሄድ መካከሉ ደኅና ሆኖ ስለሚቆይለት፥ ነገሩን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። በሞራ የታወረ ሰው በአንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ብርሃኑን መልሶ ሊያገኝ ይችላል፤ በግላውኮማ የጠፋ ብርሃን ግን በመድኃኒትም ሆነ በቀዶ ሕክምና አይመለስም። ሕክምናው የተረፈውን ብርሃን ከመጠበቅ አያልፍም። ስለዚህ ዋናው ነገር አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ አስቀድሞ ለማወቅ ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ደግሞ ግፊቱን መለካት ነው።

ግፊቱን ለመለካት የሚያገለግለው መሣሪያ ቶኖሜትር ይባላል። በዛሬው ጊዜ በእጅ የሚያዝና ዓይኑን ሳይነካ በተከደነው ቆብ ላይ ብቻ አርፎ የሚለካ ቶኖሜትር ይገኛል። የማደንዘዣ ጠብታ አያስፈልገውም፤ ትልቅ ማሽንም ሆነ ጨለማ ክፍል አይፈልግም። ይህን የሰማ ሰው ሐኪም ርቆ ለሚገኝበት አገር፥ ለምሳሌ በቀድሞው የምድር ባቡር መሥመር ላይ ለተቈረቈረችው ለአፍደም፥ የሚስማማው ይህ ነው ብሎ ወዲያው ሊፈርድ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ፍርድ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ከመሣሪያው ታሪክ አንጻር መመርመር ነው። በቆብ ላይ መለካት አዲስ ነገር አይደለምና፤ ሕክምና ከብዙ ዘመን በፊት የጀመረው ከዚያው ከቆቡ ነው። ለምን ከቆቡ እንደ ተነሣ፥ ለምን እንደ ተወውና ለምንስ ወደ እርሱ እንደ ተመለሰ ካወቅን፥ መሣሪያው የሚጠቅምበትንና የማይጠቅምበትን ቦታ ለመለየት አንቸገርም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጣት በቆብ ላይ

ግላውኮማ የሚለው ስም ከጥንት ግሪኮች የመጣ ነው። ጥንታውያን ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ዛሬ ሞራ የምንለውንም ሌላውንም ዕውርነት ሁሉ አንድ ላይ ነበር። የዓይን መጠንከርና ዕውርነት ተያይዘው መገኘታቸውን በግልጽ ከጻፉት አንዱ እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሪቻርድ ባኒስተር ሲሆን፥ ይህንንም የጻፈው በ1622 ነው። የእርሱ ዘዴ ጣትን በዓይን ቆብ ላይ አድርጎ ዓይኑ ከተፈጥሮው ይልቅ ጠንክሮ እንደ ሆነ መዳሰስ ነበር። እንዲህ ያለው ዓይን ለመዳን ተስፋ እንደሌለውም ተረድቶ ነበር። በ1830 የግላስጎው ሐኪም ዊልያም ማኬንዚ ባሳተመው የዓይን ሕክምና መጽሐፍ የዓይንን መጠንከር ከግላውኮማ ምልክቶች እንደ አንዱ ቈጠረው።

ይሁን እንጂ የዓይንን ውስጥ አይቶ ነገሩን ማረጋገጥ ያልተቻለበት ዘመን ስለ ነበረ፥ ዳሰሳው ብቻውን ብዙ አላራመደም። ነገሩን የለወጠው ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ሄልምሆልትስ በ1851 ያወጣው ኦፍታልሞስኮፕ ነው። በዚህ መሣሪያ የዓይን ሐኪሞች በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ የማየት ነርቭን ጫፍ ለማየት በቁ። የበርሊኑ ሐኪም አልብሬኽት ፎን ግሬፌ መጀመሪያ የግላውኮማ በሽተኞች ነርቭ ያበጠ መስሎት ነበር፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ነርቩ አብጦ ሳይሆን ጐድጕዶ መሆኑን ተገነዘበ። የሚያጐደጕደውም ግፊቱ እንደ ሆነ ታመነ። በ1857 ፎን ግሬፌ ባለ ቀለሙን የዓይን ክፍል (አይሪስን) በጥቂቱ ቈርጦ በማውጣት ድንገተኛውንና የሚያምመውን የግላውኮማ ዓይነት ለመፈወስ እንደሚቻል አስታወቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ መድኃኒት ያልነበረው በሽታ በከፊልም ቢሆን መድኃኒት አገኘ።

መድኃኒት ሲገኝ መለኪያ ማስፈለጉ አይቀርም። በ1862 የለንደኑ ዊልያም ቦውማን፥ ሐኪም ሁሉ የበሽተኛውን ዓይን በጣቱ መዳሰስን እንደ ግዴታ እንዲይዘው አሳሰበ። በሽተኛው ወደ ታች ይመለከታል፤ ሐኪሙ ሁለቱን ሌባ ጣቶቹን በላይኛው ቆብ ላይ አስቀምጦ ተራ በተራ በቀስታ ይጫናል፤ አንደኛው ጣት ሲጫን ሌላው የዓይኑን መልስ ያዳምጣል። ቦውማን የሚሰማውን በደረጃ ከፋፈለው፤ ከመደበኛው በላይ ሦስት፥ ከመደበኛውም በታች ሦስት ደረጃ አወጣለት። ይህ ትምህርት እስከ ዛሬ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይሰጣል፤ ገንዘብ የማይጠይቅና ሐኪም በሄደበት ሁሉ አብሮት የሚሄድ ብልሃት ነውና።

ጕድለቱ ግን ግልጽ ነው። ልምድ ያለው ጣት እንደ ድንጋይ የጠነከረውን ዓይን ከለሰለሰው ይለያል፤ በመካከል ያለውን ልዩነት ግን አያውቅም። የአንዱ ሐኪም ጣት ከሌላው ጣት ጋር አይስማማም፤ ዛሬ የተሰማውም ከስድስት ወር በኋላ ከሚሰማው ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ ጣት ቍጥር አይጽፍምና።

2. ከቆቡ ወደ ኮርኒያ

ከ1862 በኋላ የነበሩት ዓመታት ቍጥር የሚፈለግባቸው ዓመታት ሆኑ። ፎን ግሬፌ በርሊን ላይ፥ ዶንደርስም በኡትሬክት ዓይንን በዘንግ ተጭኖ የሚለካ መሣሪያ አሰቡ። የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፥ ኮርኒያ የሚባለው፥ ከሰውነት ክፍል ሁሉ ይበልጥ ንክኪ የማይችል ስለ ሆነ በዚያ ላይ ብረት ማሳረፍ አይታሰብም ነበር። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች በነጩ የዓይን ክፍል ላይ እንዲያርፉ ነው የታሰቡት። ውጤታቸውም አስተማማኝ አልሆነም።

መንገዱን የከፈተው ሌላ ግኝት ነው። በ1884 ካርል ኮለር የተባለ ወጣት የቪየና ሐኪም ኮኬይን በጠብታ መልክ ዓይን ላይ ሲደረግ ኮርኒያን እንደሚያደነዝዝ አሳየ። በአንድ ዓመት ውስጥ፥ በ1885፥ ሩሲያዊው የሞስኮ ሐኪም አሌክሴይ ማክላኮቭ ቀለም የተቀባ ጠፍጣፋ ክብደት በኮርኒያ ላይ አሳርፎ፥ ክብደቱ ምን ያህል ሰፊ ክብ እንዳደለደለ ከተለቀቀው ቀለም በመለካት ግፊቱን አሰላ። ዓይኑ ለስላሳ ሲሆን ክቡ ይሰፋል፤ ጠንካራ ሲሆን ይጠብባል። ይህ ዘዴ በሩሲያ እስከ ረዥም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል።

ከማክላኮቭ 20 ዓመት በኋላ፥ በ1905፥ ኖርዌጃዊው ያልማር ሺዮትስ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን ቶኖሜትር አወጣ። ይህ መሣሪያ በተኛ ሰው ኮርኒያ ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ በመካከሉ ያለው ዘንግ 5.5 ግራም፥ 7.5 ግራም ወይም 10 ግራም ክብደት ተጭኖበት ኮርኒያውን ጥቂት ያጐደጕዳል፤ መርፌውም ጕድጓዱን በልኬት ላይ ያሳያል። ከዚያ በሰንጠረዥ አማካይነት ቍጥሩ ወደ ሚሊሜትር ባዜቃ (ሜርኩሪ) ይለወጣል። በትንሽ ሣጥን ይገባል፤ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ ብዙ ዓመትም ይበረክታል። ስለዚህ በሀብታሞቹ አገሮች ሌላ መሣሪያ ከተካው በኋላ እንኳ በድኾች አገሮች ለብዙ ዓመታት ማገልገሉን አላቋረጠም።

የሺዮትስ ቶኖሜትር ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፥ የዓይን ግድግዳ በአንዳንዱ ሰው ላላ፥ በሌላው ግትር ያለ ስለ ሆነ፥ ተመሳሳይ ግፊት ያላቸው ሁለት ዓይኖች የተለያየ ቍጥር ሊሰጡ ይችላሉ። አሜሪካዊው ዮናስ ፍሪደንዋልድ ይህን በ1930ዎቹ መርምሮ ሰንጠረዦቹ እንዲታረሙ አድርጓል። ሁለተኛ፥ መሣሪያው ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ሲዛወር በሚገባ ካልጸዳ ተላላፊ የዓይን በሽታ ይዞ ይዞራል። ይህ ሁለተኛው ችግር የዓይን ልክፍት በበዛበት አገር ቀላል ነገር አይደለም።

3. ከክፍሉ የማይወጣው መሣሪያ

በ1950ዎቹ አጋማሽ የበርኑ ሃንስ ጎልድማን የዛሬውን ደረጃ መዳቢ መሣሪያ አወጣ። ጎልድማን የተጠቀመበት ሐሳብ ቀላል ነው። በቀጭን ሽፋን የተከበበ ኳስ ውስጥ ያለው ግፊት፥ አንድን የተወሰነ ስፋት ለማደልደል ከሚጠይቀው ኀይል ሊታወቅ ይችላል። ወርዱ 3.06 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ሲመረጥ፥ ዓይኑን የሚያጠነክረው የኮርኒያ ግትርነትና የሚስበው የእንባ ኀይል እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። በዚያ ላይ አንድ ግራም ኀይል 10 ሚሊሜትር ባዜቃ ሆኖ ይቈጠራል። ሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ዛሬ የሚመዘኑት ከጎልድማን ጋር በመነጻጸር ነው።

ትክክለኛነት ግን ዋጋ አለው። የጎልድማን ቶኖሜትር ስሊት ላምፕ በሚባለው ጠረጴዛ ላይ በተተከለ ትልቅ ማሽን ላይ የሚሠራ ነው። በሽተኛው አገጩን አስደግፎ መቀመጥ አለበት፤ ማደንዘዣ ጠብታና ብርቱካናማ ቀለም ዓይኑ ላይ ይደረጋል፤ ኤሌክትሪክና ጨለም ያለ ክፍል ያስፈልጋል፤ ለካሹም የሠለጠነ መሆን አለበት። ስለዚህ መሣሪያው ወደ ሰው አይሄድም፤ ሰው ወደ መሣሪያው ይመጣል። ሐኪሞች ይህን ችግር አውቀው መፍትሔ ፈልገዋል። በ1965 እንግሊዛዊው ፐርኪንስ ጎልድማንን በእጅ በሚያዝ ቅርጽ አወጣው፤ ማደንዘዣው ግን አልቀረም። በ1972 አሜሪካዊው በርናርድ ግሮልማን ኮርኒያን በአየር ንፋት የሚያደለድል መሣሪያ አቀረበ፤ ይህም ንክኪን አስቀረ እንጂ በአብዛኛው በጠረጴዛ ላይ የሚቆም ሆኖ ቈየ።

በዚህ ዘመን አካባቢ አንድ ቍጥር ስሙ ገነነ። በ1958 ጀርመናዊው ላይድሄከርና ጓደኞቹ 10,000 ያህል ጤነኛ ሰዎችን በሺዮትስ ለክተው፥ መካከለኛው ግፊት ወደ 15.5 ሚሊሜትር እንደሚጠጋ፥ ከ20 ወይም ከ21 የሚያልፈውም ጥቂት ሰው ብቻ እንደ ሆነ አመለከቱ። ከዚያ ወዲህ 21 ቍጥር በጤና እና በበሽታ መካከል እንደ ተሰመረ ድንበር ሆነ። ነገር ግን ይህ የስታቲስቲክ ድንበር እንጂ የበሽታ ድንበር አይደለም። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ተደርጎ ውጤቱ በ1991 የታተመው የሕዝብ ጥናት፥ ነርቫቸው በግላውኮማ ከተጐዳ ሰዎች ወደ ግማሽ የሚሆኑት በአንድ ጊዜ ልኬት ከ21 በታች ግፊት እንደ ነበራቸው አሳየ። በ2002 የወጣው ሌላ ትልቅ ጥናት ደግሞ የኮርኒያ ቀጭንነት ለግላውኮማ ተጋላጭነትን ከሚያመለክቱ ነገሮች አንዱ እንደ ሆነ ገለጸ፤ ኮርኒያው ቀጭን በሆነ ሰው ላይ ጎልድማን ራሱ ከእውነቱ ያነሰ ሊያነብ ይችላልና። እንግዲህ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፥ ቍጥሩ ብቻውን በሽታውን አይናገርም።

4. ወደ ቆቡ መመለስ

በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሐኪሞች እንደ ገና ወደ ቆቡ ተመለሱ። በ1998 በርናርድ ፍሬስኮ ያቀረበው መሣሪያ እርሳስ የሚመስል ሲሆን፥ በሽተኛው ራሱ በቆቡ ላይ ቀስ ብሎ እየተጫነ የብርሃን ቀለበት በዓይኑ ውስጥ ሲታየው የተጫነበትን ኀይል ያነባል። ሐሳቡ የሚያስደንቅ ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ማነጻጸሪያዎች ግን ቍጥሩ እንደማያስተማምን አሳዩ።

ከዚህ ይልቅ የተስፋፋው በሩሲያ፥ በራያዛን ከተማ የተሠራውና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሌሎች አገሮች የዘለቀው ዲያቶን የተባለው ቶኖሜትር ነው። መልኩ ወፍራም ብዕር ይመስላል። በሽተኛው ይጋደማል ወይም ራሱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ ይቀመጣል፤ ከዚያም ወደ ታች እንዲመለከት ይደረጋል፤ የላይኛው ቆብ ጫፍ በኮርኒያና በነጩ የዓይን ክፍል ድንበር ላይ እንዲያርፍ ይስተካከላል። መሣሪያው ቀጥ ብሎ በቆቡ ጫፍ አጠገብ ይቀመጣል፤ በውስጡ ያለው ትንሽ ዘንግ በገዛ ክብደቱ ወድቆ ከቆቡ በታች ያለውን ነጩን ክፍል መትቶ ይመለሳል። ዓይኑ ጠንካራ ሲሆን አመላለሱ ሌላ ነው፤ ለስላሳ ሲሆን ሌላ። መሣሪያው ይህን አስልቶ ቍጥሩን በሚሊሜትር ባዜቃ በመስኮቱ ላይ ያሳያል። ቦውማን በሁለት ጣቶቹ ያዳምጠው የነበረውን መልስ አሁን የሚወድቅ ዘንግ ያዳምጠዋል ማለት ነው።

ጥቅሙን ማሳነስ አይገባም። ኮርኒያው ስለማይነካ ማደንዘዣ አይፈለግም። ከማደንዘዣ ጠብታዎች አንዳንዶቹ በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ስለሚኖርባቸው፥ ማቀዝቀዣ በማይገኝበት ቈላ ይህ ትልቅ ማቅለያ ነው። ልክፍት ከዓይን ወደ ዓይን የመዛወሩም ዕድል ይቀንሳል። የኮርኒያ ውፍረትም ሆነ ጠባሳ በቀጥታ አያሳስተውም።

ጕድለቱ ደግሞ እንደ ጥቅሙ ከቆቡ የመጣ ነው። ዘንጉ የሚመታው ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ቆቡንም ጭምር ነው። የቆቡ ውፍረት፥ የመሣሪያው ቀጥታ አያያዝ፥ የዓይኑ አቅጣጫና በሽተኛው ቆቡን መጨፈኑ ወይም አለመጨፈኑ ሁሉ ቍጥሩን ይለውጡታል። ከጎልድማን ጋር ያነጻጸሩት ጥናቶች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በአንዳንዶቹ የብዙ ሰው አማካይ ቍጥር ተቀራርቦ ሲገኝ፥ በአንድ በአንድ ሰው ላይ ግን የብዙ ሚሊሜትር ልዩነት ታይቷል። አማካይ የሚታከም በሽተኛ የለም፤ የሚታከመው አንዱ ሰው ነው። እውነተኛ ግፊቱ 26 የሆነ ሰው 20 ተብሎ ወደ ቤቱ ቢመለስ፥ ዘዴው በአማካይ ደኅና መሆኑ ለእርሱ አይጠቅመውም። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቹ ሐኪሞች መሣሪያው ጎልድማንን የሚተካ ሳይሆን፥ ጎልድማን በማይደርስበት የሚረዳ ነው ይላሉ።

5. የኢትዮጵያ ዓይንና የኢትዮጵያ ቆብ

እስከዚህ ያየነው ታሪክ በአውሮፓና በአሜሪካ ዓይኖች ላይ የተሠራ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ ሁለት ነገሮች ሚዛኑን ይለውጡታል። አንደኛው መለካትን ይደግፋል፤ ሁለተኛው በቆብ ላይ መለካትን ይቃወማል።

በ2005 እና በ2006 በመላ ኢትዮጵያ የተደረገው የዕውርነት ጥናት፥ ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ የሚሆነው ዕውር፥ 3.7 ከመቶ የሚሆነውም የማየት ችሎታው የደከመ መሆኑን ገለጸ። ለዕውርነቱ ምክንያት ከሆኑት ውስጥ ሞራ 49.9 ከመቶ፥ በትራኮማ የመጣ የኮርኒያ ጠባሳ 11.5 ከመቶ፥ ግላውኮማ 5.2 ከመቶ ድርሻ ነበራቸው። በወቅቱ 1.2 ሚሊዮን ያህል ዕውራን እንደ ነበሩ ስለ ተገመተ፥ በስሌት በግላውኮማ የታወሩት ከ60,000 በላይ ይሆናሉ። ከሞራ ጋር ሲነጻጸር ቍጥሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞራ ያሳወራቸው ብርሃናቸው ሊመለስ ሲችል፥ የእነዚህ ብርሃን ፈጽሞ አይመለስም።

መለካትን የሚደግፈው ነገር የሚከተለው ነው። በ2004 የታተመ አንድ ጥናት፥ ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከተዘጋጁ ኢትዮጵያውያን መካከል 39 ከመቶ ያህሉ ላይ በዓይን ውስጥ አመድ የመሰለ ብናኝ የሚጠራቀምበትን ሁኔታ አግኝቷል። ሐኪሞች ይህን ስውዶኤክስፎሊዬሽን ይሉታል። ብናኙ የፈሳሹን መውጫ ስለሚዘጋ፥ ከእርሱ የሚመጣው ግላውኮማ ከተለመደው ይልቅ ግፊቱ ከፍ ያለና የሚፈጥን ነው። ስለዚህ ባልቲሞር ላይ ግፊትን መለካት ብቻውን ግማሹን በሽተኛ ቢያመልጠውም፥ እንዲህ ያለው ብናኝ በበዛበት አገር ግን ከፍ ያለ ግፊት ያለው በሽተኛ ብዙ ሊገኝ ስለሚችል፥ ልኬቱ የበለጠ ፍሬ ይኖረዋል ብሎ መጠበቅ ከአመክንዮ የራቀ አይደለም። በጣም ከፍ ያለውን ግፊት ደግሞ ሻካራ መሣሪያም ቢሆን አይስተውም።

የሚቃወመው ነገር ቆቡ ራሱ ነው። ያው የ2005 እና የ2006 ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ልጆች 40.1 ከመቶ የሚሆኑት ትንሣኤ ያለው ትራኮማ እንደ ነበረባቸው፥ ከዐዋቂዎችም 3.1 ከመቶ የሚሆኑት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ መሆኑን አስታውቋል። ትራኮማ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ኮርኒያውን ሳይሆን የላይኛውን ቆብ ውስጠኛ ገጽ ነው። በተደጋጋሚ ልክፍት ቆቡ ውስጡ ይጠብሳል፤ ይጠነክራል፤ ይኮማተራል፤ በመጨረሻም ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ለዚህ የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም በዚያው ቆብ ላይ ነው። በተጨማሪ በልማድ ሕክምና የዓይንን ሕመም ለማስታገሥ ቆብን ወይም ቅንድብን በምላጭ መብጣት የታወቀ ነው። የቆብ ቶኖሜትር ግን ጠባሳ፥ ብግነትም ሆነ የቅርጽ ብልሽት በሌለው ቆብ ላይ እንዲሠራ ነው የታሰበው። እንግዲህ በአውሮፓ ቆቡ ደኅና ሆኖ ኮርኒያው የተበላሸ ሰው ሲገኝ መሣሪያው ችግሩን ይፈታል፤ በእኛ አገር ግን ትራኮማ በጸናበት ስፍራ ቆቡ ራሱ የተበላሸ ዕድሜ ጠገብ ሰው ሞልቷል። ግላውኮማ የሚበዛውም በእነዚሁ በዕድሜ በገፉት ላይ ነው። ይህን ነጥብ መሣሪያውን የሚያወድሱ ጽሑፎች በቀላሉ ያልፉታል፤ ለእኛ ግን ዋናው ነጥብ ነው።

6. አፍደም እንደ ምሳሌ

አፍደም ዛሬ በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን የምትገኝ ከተማ ናት። የተመሠረተችው በባቡሩ ምክንያት ነው። የምድር ባቡሩ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬ ዳዋ ደረሰ። በዚያም በገንዘብ ዕጦትና በመንግሥታት ክርክር የተነሣ ለብዙ ዓመታት ቆመ። ሺዮትስ መሣሪያውን ባወጣበት በ1905 ሐዲዱ ከድሬ ዳዋ ወደ ምዕራብ አልተራመደም ነበር። ሥራው እንደ ገና ሲቀጥል መሥመሩ በኤረር፥ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል አልፎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አካባቢው ቈላ ነው፤ ሕዝቡም በአብዛኛው ግመል፥ ከብትና ፍየል የሚያረባ ሶማሌ ሲሆን፥ አፋርና ኦሮሞም ጎረቤቶቹ ናቸው።

ሐዲዱ በተዘረጋበት ዘመን የባቡር ጣቢያ ማለት ከውኃ፥ ከገበያና ከሐኪም ጋር መገናኛ ማለት ነበር። በሽተኛ በባቡር ድሬ ዳዋ መድረስ ይችል ነበር። የቀድሞው ባቡር በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ መካከል መመላለሱን በ2000ዎቹ መጨረሻ አቆመ፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ጣቢያን ተማምኖ የኖረ ከተማ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል አሳይተዋል። የክልሉ ዋና ከተማ ጅግጅጋ ብትሆንም፥ የአፍደም ሰው ወደዚያ ለመሄድ ድሬ ዳዋንና ሐረርን አልፎ መሄድ አለበት። ስለ ሆነም ቦውማን፥ ሺዮትስና ጎልድማን የተከራከሩበት ጥያቄ፥ ማለት መሣሪያው ወደ ሰው ይሂድ ወይስ ሰው ወደ መሣሪያው ይምጣ የሚለው፥ በአፍደም የቀን መንገድና የገንዘብ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለው ስፍራ የቆብ ቶኖሜትር ቢቀመጥ ምን ሊሠራ ይችላል? ከላይ ያየነው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል።

በመጀመሪያ፥ መሣሪያው ፈራጅ ሳይሆን ጠቋሚ መሆን አለበት። የሚጠራጠር ቍጥር ሲገኝ ልኬቱ ይደገማል፤ የጤና ሠራተኛውም በኦፍታልሞስኮፕ ነርቩን ያያል። ሄልምሆልትስ በ1851 ያወጣው መሣሪያ ዛሬም በኪስ የሚገባ ነው፤ ግፊቱ መደበኛ ሆኖ ነርቩ የተጐዳውን በሽተኛ ሊያገኝ የሚችለውም እርሱ ብቻ ነው። ቶኖሜትር ገዝቶ ኦፍታልሞስኮፕ ማየትን አለማስተማር ግማሹን በር ዘግቶ ቤት ጠበቅሁ እንደ ማለት ነው።

ሁለተኛ፥ ከመለካት በፊት ቆቡ መታየት አለበት። ቆቡ ተገልብጦ ሲታይ ጠባሳ ካለበት ቍጥሩ አይታመንም፤ በዚያ ሰው ላይ ኮርኒያን የሚነካ መሣሪያ መጠቀም ወይም ወደ ዓይን ሐኪም መላክ ይሻላል። ቆቡን ገልብጦ ማየት ትራኮማንም ጨምሮ ስለሚያሳይ፥ ልፋቱ በከንቱ አይቀርም። ወደ ታች ተመልከት፥ አትጨፍን፥ ትንፋሽህን አትያዝ የሚለውም ትእዛዝ በሽተኛው በሚሰማው ቋንቋ፥ ይኸውም በሶማሊኛ፥ በአፋርኛ ወይም በኦሮምኛ መነገር አለበት። በፍርሃት የተጨፈነ ቆብ የዓይኑን ግፊት ራሱን ከፍ ያደርጋልና፥ ያልተግባቡ ሰዎች የለኩት ቍጥር ከንቱ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ለክቶ መተው አይገባም። ከፍ ያለ ግፊት የተገኘበት ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ጠብታ ማድረግ፥ ወይም በቀዶ ሕክምና መውጫ እንዲከፈትለት ያስፈልጋል። ግጦሽና ውኃ ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር፥ በየወሩ ከመድኃኒት ቤት መገኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በእንዲህ ያለው አገር ቀዶ ሕክምናው በጊዜው ቢደረግ ከጠብታው ይልቅ ሊስማማ ይችላል። ድሬ ዳዋ ወይም ሐረር ላይ ሐኪምና አልጋ ካልተዘጋጀ ግን፥ አፍደም ላይ ቍጥር ማግኘት ለበሽተኛው ሐዘንን ከማስቀደም የተሻለ ሥራ አይሠራም። ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን፥ አንድ ውድ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ በሽተኛውን የሚያጓጕዝ ኪራይና አንድ የሠለጠነ የዓይን ነርስ ብዙ ሰው ሊያድኑ ይችላሉ።

መደምደሚያ

የዓይን ግፊት መለኪያ ታሪክ ሁለት ፍላጎቶች ሲጓተቱ የኖሩበት ታሪክ ነው። አንዱ ፍላጎት ትክክለኛ ቍጥር ነው፤ እርሱም ሐኪምን ከቆቡ ወደ ኮርኒያ፥ ከኮርኒያው ወደ ስሊት ላምፕ፥ ከስሊት ላምፑ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰደው። ሌላው ፍላጎት ብዙ ሰው ጋር መድረስ ነው፤ እርሱም ሐኪምን እንደ ገና ወደ ቆቡ መለሰው። ባኒስተር በ1622 በጣቱ የጀመረው ዳሰሳ ዛሬ በዘንግና በባትሪ ተመልሶ መጥቷል፤ የጣቱ ጕድለት ግን በሙሉ አልተወገደም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፥ አንድ መሣሪያ ለሩቅ አገር ይስማማል የሚባለው ቀላልና በእጅ የሚያዝ በመሆኑ ብቻ አለመሆኑን ነው። የዚያ አገር ሰው ቆብ ምን ይመስላል? በሽታውስ የትኛው ዓይነት ነው? ከልኬቱ በኋላ በሽተኛው ወዴት ይሄዳል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያልመለሰ ግዢ መሣሪያውን ከመደርደሪያ ላይ አያወርደውም። የሕክምናና የታሪክ ተማሪዎች በጋራ ሊሠሩበት የሚገባው ሥራም ይኸው ነው፤ ኢትዮጵያውያን በሆኑ ቆቦች ላይ፥ ትራኮማ ካለባቸውና ከሌለባቸው ሰዎች መካከል፥ የቆብ ቶኖሜትርን ከጎልድማን ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን በቍጥር ማስቀመጥ። እንዲህ ያለው ጥናት ሲሟላ በአፍደምም ሆነ በመሰል ከተሞች ያለ የጤና ሠራተኛ በእጁ የያዘው ቍጥር ምን ያህል እንደሚታመን ያውቃል፤ ብርሃኑ ገና ያልጠፋውንም ሰው በጊዜ ወደ ሐኪም መላክ ይችላል።